የምርምር ክኒን የዋጥኩባቸው 90 ቀናት

በዓቢይ ጾም እንጀራ ይፈለጋል። ሰዉ ሥጋውን ትቶ በየዓይነቱ ሲያዝ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላሉ ሦስት የሐበሻ ሱቆች የማደርሰው እንጀራ በእጥፍ ይጨምራል። በዚያ ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነሳና ሁለቱን የኤሌክትሪክ ምጣዶች አሙቄ፣ ማሰሻዬን ይዤ እቆማለሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2016፣ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ እንደ ልማዴ ቆሜ ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ሊጡን በጣሳ ቀድቼ ከምጣዱ ዳር ወደ መሃል ሳዞር መስመሩ ተበላሸ። ሊጡ አንድ ቦታ ላይ ተከምሮ ከእንጀራ ይልቅ ቂጣ መሰለ። ሠላሳ ዓመት የጋገርኩ ሴት ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አዞራለሁ። ሊጡ ወፍሮብኝ ይሆናል ብዬ ውኃ ጨመርኩበት። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ጣሳው ከቀኝ እጄ ወደቀ። እስካሁን የሚገርመኝ፣ ጣቶቼ ጣሳውን እንደያዙ ይሰማኝ ነበር፤ ጣሳው ግን ወለሉ ላይ ነው።

ባለቤቴ ድምፁን ሰምቶ ከመኝታ ቤት ወጣ። የሆነውን ልነግረው ስሞክር ምላሴ ከበደኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ምች። ከምጣዱ ሙቀት ተነስቼ ሊጥ ላመጣ ወደ ቀዝቃዛው ጋራዥ ወጥቼ ነበርና ነገሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ታየን። ከአገር ቤት የመጣ ደረቅ ዳማከሴ ነበረን፤ አፍልቶ አጠጣኝ፣ ጋቢ ደርቦልኝ አስተኛኝ። እኔም ተኛሁ። አራት ሰዓት ሙሉ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ልጄ ደወለች። ያኔ የፋርማሲ ተማሪ ነበረች። «እማዬ፣ እየበላሽ ነው እንዴ የምታወሪኝ?» አለችኝ። ምንም አልበላሁም። ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። «ሁለቱንም እጆችሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ አባዬ ቆሞ ይይልኝ» አለች። ዓይኔን ስገልጥ ግራ እጄ እንደተዘረጋ ነበር፤ ቀኙ ወርዶ ጋቢው ላይ አርፏል። ፊቴን እንዲያይ፣ ፈገግ እንድል እንዲጠይቀኝም ነገረችው። ከዚያ ስልኩን ዘግታ እሷው ራሷ 911 ደወለች። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ሰዓቱን አይቶ አምቡላንስ መጥራት እንደሚገባ ሦስታችንም ሰምተን እናውቃለን፤ በዚያ ሌሊት ግን ያስታወሰችው አጠገባችን ያልነበረችው ብቻ ናት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበርሽው በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ነው። እኔም በእንግሊዝኛ «ኢሌቨን» አልኳቸው። ነርሷ ጻፈች። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ በእነሱ ግን ትናንት ማታ፣ ሰው ሳይተኛ ማለት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በወረቀቱ መሠረት ስትሮክ ከያዘኝ 11 ሰዓት ሆኖኛል፤ በእውነቱ ያለፈው 5 ሰዓት ነው። ልጄ ደርሳ ወረቀቱን ስታይ «የእናቴ 11 የእናንተ 5 ነው» ብላ ባታስተካክለው ኖሮ፣ ቀጥሎ የምተርከው ሁሉ ባልተከሰተ ነበር። ውጭ አገር የምትኖሩ፣ በተለይ ከቤት የማይወጡ እናትና አባት ያሏችሁ፣ ይህን ነገር ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። ሰዓቱን «ሊነጋ ሲል»፣ «እንጀራ ስጋግር»፣ «የማለዳው ዜና ላይ» ብሎ መናገር ከቁጥሩ ይሻላል።

ሰዓቱ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቃቸው በኋላ ነው የገባኝ። ስትሮክ የአንጎል የደም ስር ሲፈነዳም ሲዘጋም ይመጣል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አይለዩም፤ እጁ የዛለበትን ሰው አይቶ ይህ ደም ፈሶበት ነው፣ ያኛው ደም ረግቶበት ነው ማለት አይቻልም። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ «ደም ያቀጥናል» ብሎ አስፕሪን ማዋጥ አደገኛ የሚሆነው፤ ሰውየው እየደማ ያለ ከሆነ ይብስበታል። የእኔ የተዘጋ ነበር። ለተዘጋው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ግን ጊዜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በ624 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ እንደሚጠቅም አሳየ፤ በ2008 ደግሞ 821 ሰዎች የተሳተፉበት የአውሮፓ ጥናት ገደቡን ወደ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። እኔ አምስተኛው ሰዓት ላይ ነበርኩ። ዳማከሴው በልቶብኛል።

ሐኪሙ ግን ሌላም ነገር ነገረኝ። ስትሮክን የሚመዝኑበት እስከ 42 የሚደርስ ነጥብ አላቸው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ጉዳቱ የከፋ ነው። እኔ 2 ነበርኩ። በሰዓቱ ብደርስም እንኳ ለእንደዚህ ያለ ቀላል ጉዳት ያንን ኃይለኛ መድኃኒት ላይሰጠኝ ይችል እንደነበር ነገረኝ። እኔ «ቀላል» የሚለውን ቃል ስሰማ ተነስቼ ልሄድ ነበር። የምጣዱ ነገር ያሳስበኝ ነበር፤ ባለቤቴ አጥፍቶት እንደሆነም አላወቅሁም።

የምርምሩ አስተባባሪ የሆነችው ነርስ የመጣችው ያኔ ነው። ወንበር ስባ፣ ከዓይኔ ትይዩ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ቀላል ስትሮክ የደረሰበት ሰው ትልቁ አደጋ ያለፈው ሳይሆን የሚመጣው እንደሆነ ገለጸችልኝ። ለአጭር ጊዜ ታይተው የሚጠፉ የስትሮክ ምልክቶች ደርሰውባቸው በሰሜን ካሊፎርኒያ ድንገተኛ ክፍሎች የታዩ 1,707 ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ነበር። ከመቶው አሥር የሚሆኑት በ90 ቀናት ውስጥ ዋናው ስትሮክ መጥቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ያንን ጥናት የሠሩት ዶክተር ክሌይቦርን ጆንስተን ያኔ ደግሞ ፖይንት የተባለውን ጥናት እየመሩ ነበር፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ለእንደ እኔ ያለ ሰው አስፕሪን ብቻ ይበቃል ወይስ ክሎፒዶግሬል የተባለው ሌላ የደም መርጋት መከላከያ ቢታከልበት ይሻላል? ሕመሙ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ መወሰን አለብኝ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ በተጻፈው ሰዓት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚቀረኝ።

ልጄ ብትኖርም ሕጉ ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠይቃል አሉና በስልክ አንዲት ሴት አገናኙን። ጨዋ ሴት ነበረች፤ ግን ገና ስትጀምር «እናቴ፣ ሙከራ ሊያደርጉብዎት ፈልገው ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። ቀጥላ «ግማሹ ሰው እውነተኛውን መድኃኒት ይወስዳል፣ ግማሹ የውሸቱን» አለች። በቃ፤ ከዚህ በኋላ ማን ይሰማል? ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው የሰማውን የአላባማውን ታሪክ አነሳ፤ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ሐኪሞች እያዩ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳያክሟቸው የከረሙበትን። እውነት ነው፣ ተደርጓል። ልጄ አልተከራከረችውም። «አባዬ፣ ይህ ወረቀት የመጣው በዚያ ምክንያት ነው» አለችና የያዘችውን አሳየችው። ያ ግፍ ከተጋለጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕግ ወጥቶ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት በገለልተኛ ኮሚቴ ሳይመረመርና ታማሚው ገብቶት ሳይፈቅድ እንዳይጀመር ሆኗል።

እኔ «የውሸት መድኃኒት» የሚለው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ነገሩን የፈታችልኝ ራሷ አስተባባሪዋ ናት። «ብትገቢም ባትገቢም አስፕሪን ትወስጃለሽ። በዕጣ የሚወሰነው ከአስፕሪኑ በላይ የሚጨመረው ነው» አለች። ማለትም ባዶ እጁን የሚቀር ሰው የለም። አስፕሪን በዚያን ጊዜ ለእንደ እኔ ያለ ታማሚ የሚታዘዘው የተለመደ ሕክምና ነበር። ክሎፒዶግሬሉ የደረሰውም፣ መልኩ አንድ የሆነ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የደረሰውም፣ አስፕሪኑን ይውጣል። የትኛው እንደደረሰኝ እኔም ሐኪሜም እሷም አናውቅም፤ ካወቅን ምኞታችን ውጤቱን ያጣምመዋል። እስቲ አስቡት፤ «የውሸት መድኃኒት» ተብሎ መነገርና «አስፕሪኑ ለሁሉም ነው፣ በላዩ ላይ ዕጣ ይወጣል» ተብሎ መነገር! አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሠሩ ወገኖች ካላችሁ፣ አንዲት ቃል ሰውን ከሕክምና ልታስወጣ እንደምትችል እያሰባችሁ ይሁን።

ከዚያ መጠየቅ ጀመርን። ዋናውን ጥያቄ የጠየቀው የተቆጣው ባለቤቴ ነው፦ «እምቢ ካለችስ?» መልሱ የተለመደው ሕክምና ሳይጓደል ይቀጥላል የሚል ነበር፤ ገብቼም በማንኛውም ቀን መውጣት እችላለሁ፣ ምክንያት መስጠትም የለብኝም። እኔ ስለ ጉዳቱ ጠየቅሁ። ሁለት መድኃኒት ደም እንዳይረጋ ሲያደርግ መድማት ሊያበዛ እንደሚችል አልደበቁኝም፤ እንዲያውም ጥናቱ የሚጠይቀው ጥቅሙ ከዚያ ይበልጣል ወይ የሚለውን ነው። ልጄ ሌሊት ቢያመኝ የሚደወልበትን ስልክ አጻፈች፤ ጥናቱ ሲያልቅ የትኛው ክኒን እንደደረሰኝ ይነገረኝ እንደሆነም ጠየቀች። ሳንጠይቅ የቀረነው የገንዘቡን ነው። እኔ ምርምሩ የሆስፒታሉንም ሒሳብ የሚከፍል መስሎኝ ነበር። የከፈለው የጥናቱን ክኒንና ክትትል ብቻ ነው፤ የአልጋውና የምርመራው ዕዳ እንደማንኛውም ታማሚ ወደ ኢንሹራንሴ ሄደ፣ የተረፈው ወደ እኔ መጣ። ምርምሩ የሚከፍለው ምን እንደሆነ፣ በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስባችሁ ደግሞ የሕክምናው ወጪ የማን እንደሚሆን ከመፈረማችሁ በፊት በግልጽ አስነግሩ።

መብቴን የሚዘረዝር አጭር የአማርኛ ወረቀት ሰጡኝ። በቀኝ እጄ ስፈርም ፊርማዬ የልጅ ጽሕፈት መሰለ። ለምን እንደፈረምኩ እስካሁን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለሰው ዘር ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። አንደኛ፣ የማጣው ነገር እንደሌለ ገባኝ። ሁለተኛ፣ ያቺ ነርስ ሰባት ጊዜ ጠይቄያት ሰባቱንም ጊዜ ሳትሰለች መለሰችልኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው በዓይኑ እንዲከታተለኝ ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ቀን ክኒን በዛ ያለ ነው፤ ክሎፒዶግሬሉ የደረሰው ሰው 600 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ወስዶ ከዚያ በየቀኑ 75 ይቀጥላል። ሁለት ቀን ተኝቼ ወጣሁ። እጄ በሳምንቱ ሊጥ ማዞር ቻለ፤ የእንጀራው ዓይን ግን እስከ ፋሲካ ድረስ በአንድ በኩል እየሳሳ አስቸግሮኝ ነበር።

ሌላ ፈተና መጣ፤ ጾሙ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ክኒኑ ደግሞ በጠዋት የሚወሰድ ነው። ሁለት ቀን ያህል ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋሁት። ከዚያ ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። እንደ መቆጣትም አደረጋቸውና «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፤ ታመሽ እንድትጾሚ ማን አዘዘሽ?» አሉኝ። ብዙ እናቶች በዚህ ነገር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ጭምር ሲያጓድሉ አያለሁ። አባታችሁን ሳትጠይቁ በራሳችሁ አትወስኑ፤ መልሱ ከምትፈሩት የቀለለ ነው።

በሳምንቱ አስተባባሪዋ ደወለችልኝ፤ እጄን፣ ንግግሬን፣ መድማት እንዳለ ጠየቀችኝ። በወሩ ገደማ ክንዴ ላይ ሰማያዊ ብልዝ አየሁ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ። ደስ አለኝ! እውነተኛው ክኒን እንደደረሰኝ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ሁሉ «ዋናው ነው የወጣልኝ» ብዬ አወራሁ። ጥርሴን ስቦርሽ ትንሽ ደም ባይ እንኳ እንደ ምስክር እቆጥረው ነበር። በ90ኛው ቀን ሄጄ ተመረመርኩ፣ አመሰግናለሁ ተባልኩ፣ የቀሩኝን ክኒኖች አስረክቤ ተመለስኩ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ጥናቱ የታቀደው ቁጥር ሳይሞላ፣ 84 በመቶው ሰው ላይ እንዳለ ነው የቆመው፤ ውጤቱን ከጎን ሆኖ የሚከታተለው የደህንነት ኮሚቴ ጥቅሙም ጉዳቱም በግልጽ ታይቷል ብሎ አስቆመው። እኔ የትኛው እንደደረሰኝ ጠየቅሁ። መድኃኒት የሌለበት ነበር። ብልዙ የጤፍ ከረጢት ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎውን ጭኔ ላይ አስደግፌ ስለማወርደው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ አለ።

ልጄ የታተመውን ጽሑፍ ይዛ መጥታ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን አብረን አየነው። በ269 ሆስፒታሎች 4,881 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሁለቱን መድኃኒት ከወሰዱት ውስጥ 5 በመቶው፣ አስፕሪን ብቻ ከወሰድነው ውስጥ 6.5 በመቶው በ90 ቀናት ውስጥ ሌላ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶበታል፣ ወይም በዚህ ዓይነት ምክንያት ሞቷል። ከባድ መድማት ደግሞ ሁለቱን ከወሰዱት 0.9 በመቶው፣ ከእኛ 0.4 በመቶው ላይ ደረሰ። ልጄ ቁጥሩን በእንጀራ ቋንቋ ፈታችልኝ። ሺህ ሰው ሁለቱን መድኃኒት ለ90 ቀናት ቢወስድ፣ አሥራ አምስቱ ከዚህ ጣጣ ይተርፋሉ፤ አምስቱ ደግሞ ባይወስዱት የማይደርስባቸው ከባድ መድማት ይደርስባቸዋል። አሥራ አምስት ተርፎ አምስት የሚጎዳበት ነገር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ ያለው ቀኑ ላይ ነበር። ጥቅሙ የተከማቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ የመድማቱ ስጋት ግን ክኒኑ እስካለ ድረስ አለ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 ቻይና ውስጥ በ5,170 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ሁለቱን አብሮ የሰጠው ለ21 ቀናት ብቻ ነበር፤ ስትሮክ ከ11.7 በመቶ ወደ 8.2 ወርዷል፣ የመድማቱም ነገር ያን ያህል አልታየም። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ለእንደ እኔ ያለ ታማሚ ሁለቱን ቶሎ ጀምረው ለሦስት ሳምንት ያህል ከሰጡ በኋላ አንዱን የሚያስቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ከምርምር የሚሰማው «ይህ መድኃኒት ይጠቅማል» የሚለውን ግማሽ ነው። መቼ እንደሚቆም የሚናገረው ግማሽ ይጠፋል። ይህን የምለው በወንድሜ ስለደረሰ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. እሱም ቀላል ስትሮክ ያዘው፤ ደም ግፊት በቤተሰባችን አለ። እሱ ከእኔ ብልህ ሆኖ ተገኘ፤ አፉ ሲጣመም ልጆቹ ወዲያው ወሰዱት፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ታዘዘለት። በስልክ ሲነግረኝ አለቀስኩ። ያ በዕጣ ሳይደርሰኝ የቀረው ክኒን በሦስት ዓመት ውስጥ ከወንድሜ ኪስ መግባቱ፣ ምን ልበላችሁ፣ ስሙን እንኳ በደንብ ይጠራዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቀው ቀረሁ።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ድክም ድክም ይለኝ ጀመር አለኝ። ደረጃ ሲወጣ ይተነፍሳል። «ሰገራህ እንዴት ነው?» አልኩት፤ ከ90ው ቀን የተማርኩት ጥያቄ ነው፣ ያቺ ነርስ ሳታፍር ትጠይቀኝ ስለነበር። ዝም አለ፤ ከዚያ «እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ ብረት ያለው መድኃኒት መስሎኝ» አለኝ። ሁለቱን ክኒኖች ለአሥራ አራት ወር አብሮ ሲወስድ ኖሯል! የማዘዣ ወረቀቱ ላይ የማቆሚያ ቀን አልተጻፈም፤ መድኃኒት ቤቱም ያንኑ ወረቀት እያየ በየወሩ ይሰጠዋል፤ እሱም ጎበዝ ታማሚ ነውና አንድ ቀን ሳያጓድል ይውጣል። ጨጓራው ይደማ ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠው።

ይህ አዲስ ግኝት ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 7,599 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ክሎፒዶግሬል ለሚወስዱ ሰዎች አስፕሪን ጨምሮ ለ18 ወራት ማቆየት የሚታይ ጥቅም እንደሌለው፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማትን ግን ከ1.3 ወደ 2.6 በመቶ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ወንድሜ ከመታመሙ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት የታወቀ ነገር ነው። እዚያ ወረቀት ላይ አንድ ቀን ቢጻፍ ኖሮ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ሁለት የደም መርጋት መከላከያ አብራችሁ የምትወስዱ ሰዎች፣ ሐኪማችሁን «የትኛው ነው የሚቆመው፣ በየትኛው ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም በእጁ ያጽፍላችሁ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ልባቸው ውስጥ የብረት መረብ የተደረገላቸው ሰዎች ከዚህ በላይ መውሰድ ሊኖርባቸው ይችላል፤ የአንገት ወይም የአንጎል የደም ስር የጠበበባቸውም የተለየ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታበት ሰው ደግሞ ሕክምናው ከነጭራሹ ሌላ ነው።

የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ክኒኖቼ አብረውኝ ያረጃሉ። ለሁለቱም እንደዚሁ ሺዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የ6,105 ሰዎች ጥናት ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ ዳግም ስትሮክን ከሩብ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእኔ ችግር መድኃኒቱ ሳይሆን ጨው ነበር፤ ምጣድ ላይ ቆሜ ሽሮ ስቀምስ የማልጨምርበት ቀን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥናት ውስጥ እንድገባ ተጠይቄ ነበር። በየወሩ ሆስፒታል መሄድ ይፈልጋል፤ እንጀራዬን ማን ይጋግርልኛል? አመስግኜ እምቢ አልኩ። ያ ሐኪም በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሲያገኘኝ ፊቱ አልተለወጠም፤ መድኃኒቴም አልተጓደለ። እምቢ ማለት እንደሚቻል ያመንኩት የዚያን ቀን ነው።

ወንድሜ አሁን ደህና ነው፤ በጊቢው ውስጥ ደግሞ ስለ ክኒን የሚጠየቅ ሰው ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጎረቤታችን የሆኑ እማማ አንደበታቸው ለአሥር ደቂቃ ያህል ተይዞ ተለቀቀ። ልጃቸው «አለፈ እኮ» ሲል ወንድሜ ጮኾ ሆስፒታል ወሰዳቸው። እነዚያው ሁለት ክኒኖች ታዘዙ፣ ለ21 ቀናት። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ቀን መቁጠርም ይረሳሉ። የጀመሩት በ7 ነበርና ወንድሜ «ከሥላሴ እስከ መድኃኔዓለም ሁለቱንም ይወስዳሉ። የመድኃኔዓለም ዕለት የመጨረሻውን ውጠው፣ በማግስቱ ይህችን ሮዟን ለእኔ ያስረክቡኛል» አላቸው። ደስ አላቸው፤ ሁለቱንም ቀን አይረሱም። ከዚያ ነጩን አስፕሪን በጣታቸው ይዘው እያገላበጡ፦

«ይህቺስ እስከ ማን ናት?» ብለው ጠየቁት።